የሃያ አንድ ቀን ዝምታ

ባለፈው ክረምት የበኩር ልጃችን ከግዳጅ ቦታው ለሃያ አንድ ቀናት ድምፁን አላሰማንም ነበር። እኛ ባልና ሚስት በጦር ሰፈር ሃያ ስድስት ዓመታት ኖረናል፤ ይሁን እንጂ ስልክ ዝም ባለ ቁጥር ልባችን እንደ አዲስ ይደነግጣል። ከመካከላችን እናቲቱ፣ «ልጄ አንድ ቃል እንዴት ይነፍገኛል?» እያለች ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ታነጋው ጀመር። አባትየው በወጣትነቱ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርና፣ በቡና ሰዓት የሚያውቀውን ሊያስረዳ ሞከረ።

ትምህርቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1982 በሊባኖስ ቤካ ሸለቆ፣ እስራኤል ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ወደ ሶሪያ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይሎች ላከች። የሶሪያ ራዳሮች እነርሱን ለመፈለግ ሞገዳቸውን ሲለቁ ያሉበት ቦታ ታወቀ፤ ያንኑ ሞገድ ተከትለው የሚመጡ ሚሳይሎችም ወረዱባቸው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚለው አባባል በጦር ሜዳም ሠራ።

እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በዩክሬን ጦርነት ሁለቱም ወገኖች ፈንጂ የተሸከሙ ትንንሽ ድሮኖችን በሬዲዮ እየመሩ ተዋግተዋል። መከላከያው ሞገዱን ማወክ ነው፤ በዚያው ሞገድ ላይ ብርቱ ጩኸት ይለቀቅና የአብራሪው ትእዛዝ ይታፈናል። ይህን ለማምለጥ ከ2024 ጀምሮ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር የሚመሩ ድሮኖች ተበራከቱ። ክሩ ከማጠንጠኛው እየተተረተረ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል፤ ትእዛዙ በአየር ስለማይሄድ ማወኪያ አያግደውም። ወታደሮችም በመንገዶች ላይ መረብ እስከ መዘርጋት ደረሱ። እነሆ፣ ድሮኑ ራሱ ዝምታን ተማረ!

በ2023 የመጀመሪያ ቀን ደግሞ በማኪየቭካ የሩሲያ ወታደሮች ያደሩበት ሕንፃ በሮኬት ተመታ። የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር 89 ወታደሮች መሞታቸውን ገልጾ፣ ዋናው ምክንያት የእጅ ስልክ በብዛት መጠቀማቸው ነው አለ። የአዲስ ዓመት ሌሊት ነበርና፣ ወደ እናታቸው የደወሉ አይጠፉም ብለን አሰብን።

እናቲቱ ሲኒዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻም፣ «በየማታው ደውልልኝ ብዬ ያስማልኩት እኔው ነኝ» አለች።

በማግስቱ ስንቅ ጫኙ መኪና ሲነሣ፣ ዳቦ ቆሎ በከረጢት ሞልተን ከደብዳቤ ጋር ላክንለት። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ «ደህና ነን። አለቆችህ እስኪፈቅዱልህ አትደውል።»

በሃያ አንደኛው ቀን ተፈቅዶለት ደወለ። «ዳቦ ቆሎው ደርሶኛል፤ ለጓዶቼም ተዳርሷል» ብሎ ዘጋ። ከደቂቃ አይበልጥም፤ ለእኛ ግን በቂ ነበር።

የሰፈራችን እናቶችና ሚስቶች ሆይ! የዘመተው ዝም ሲል፣ ረሳን አንበል። ወታደሮቻችንም በተፈቀደላችሁ ጊዜ ያቺን አንዲት ደቂቃ አትንፈጉን።