የተቆለፈው ድምፅ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ አምደወርቅ ስመለስ፣ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አንድ ዕቃ ነበረኝ። መኪናው በገደሉ አፋፍ በታጠፈ ቁጥር ልቤ አብሮ ይታጠፍ ነበር። ዕቃው ያገለገለ ኮምፒውተር ነው። ሃርድ ዲስኩ 40 ጊጋባይት፣ ሜሞሪው 128 ሜጋባይት፣ የተጫነበት ደግሞ ዊንዶውስ ኤክስፒ። ለዛሬ ወጣት ይህ የሚያስቅ ነው፤ ለእኔ ግን የሁለት ዓመት ቁጠባ ነበር።

እኔ በዚያች የደሃና ወረዳ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ነርስ ነች። ሁለታችንም ያደግነው ደሴ ነው። በአምደወርቅ የምንሰበሰበው አማኞች በጣት የምንቆጠር ስለነበርን መዘምራን የለን፣ ኪቦርድ የለን፤ እሁድ እሁድ ቤታችን ስንሰበሰብ የሚያዘምረን ቴፕ ነበር። የተስፋዬ ጋቢሶ፣ የደረጀ ከበደ፣ የአዲሱ ወርቁ ካሴቶች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ጽሑፋቸው ጠፍቶ፣ ድምፃቸው ሳስቶ ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ስገዛ ለባለቤቴ የነገርኳት ምክንያት አንድ ነው። «መዝሙሮቻችን ከማለቃቸው በፊት ሁሉንም እዚህ ላይ አስገባቸዋለሁ» አልኳት።

እሷም «እንግዲያው ከእማዬ ካሴት ጀምር» አለችኝ።

የእማዬ ካሴት ማለት ይህ ነው። በ1991 ዓ.ም. በሠርጋችን ዋዜማ አማቴ ቴፕ አስከፍተው፣ ራሳቸው የደረሱትን መዝሙር ዘምረው፣ በመጨረሻም ስማችንን እየጠሩ ባርከውናል። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። እኒያ እናት በ1994 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሄዱ። ልጃችን የተወለደችው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። አያቷን የምታውቅበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

አምስቱ ማጫወቻዎች

አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ በአንድ ሲዲ አምስት የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራሞችን ገልብጦ ሰጥቶኝ ነበር። ዊንአምፕ፣ ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር፣ ሪልፕሌየር፣ ጄትኦዲዮ እና አይቱንስ። እኔም «የትኛው ይሻላል?» በሚል ጥያቄ ተጠመድኩ።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ዊንአምፕ ቀላል ነው፤ እንደእኔ ያለውን ደካማ ኮምፒውተር አያስጨንቅም። ሦስተኛው ዕትም በ2002 ሲወጣ ከብዶ ስለተገኘ ብዙ ሰው ወደ ሁለተኛው ተመለሰ። ሠሪዎቹም በ2003 መጨረሻ የሁለቱን መልካም ጎን አጣምረው፣ ሁለትና ሦስት አምስት ነው ብለው አምስተኛውን አወጡ። አራተኛ የሚባል የለም። በዚያው ዓመት ለዊንዶውስ የመጣው አይቱንስ መዝሙሮችን በዘማሪና በአልበም ለይቶ መደርደር ያውቅበታል፤ ነገር ግን በ128 ሜጋባይት ሜሞሪ ላይ እንደ ጫነ በቅሎ ይጎተታል።

ደግሞ የፊደል ጣጣ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ በዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ይዞ አልመጣም ነበር። ኒያላ የተባለው ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው በ2007 ነው። ስለዚህ የመዝሙሩን ርዕስ በአማርኛ ስጽፍ ማጫወቻው የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ይደረድርልኛል። ያለኝ አማራጭ በፈረንጅ ፊደል መጻፍ ነበር። በዚያ ላይ የቆየው የመለያ ጽሑፍ ለርዕስ የሚፈቅደው ሠላሳ ፊደል ብቻ ነው። ረጅም ርዕስ ያለው መዝሙር ሁሉ ወገቡ ላይ ይቆረጥ ነበር።

ስለ ኤምፒ3 አሠራርም ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በደቂቃ አሥር ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። በጀርመን አገር በፍራውንሆፈር ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ባዳበሩት በዚህ ዘዴ፣ ጆሯችን የማይለየው ድምፅ እየተተወ፣ በተለመደው መጠን አንድ ደቂቃ ወደ አንድ ሜጋባይት ይወርዳል። 80 ደቂቃ ብቻ ይይዝ የነበረ ሲዲ የ12 ሰዓት ያህል መዝሙር ይይዛል ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ተደነቅሁ። ፈተና አርሜ እንደጨረስኩ፣ መብራት እስካለ ድረስ፣ ከኮምፒውተሩ ፊት አልነሳም።

«ዛሬ ስንተኛው ነው?» ትለኛለች ባለቤቴ፣ ልጃችንን አስተኝታ።

«አራተኛው። ይኼኛው ግን ድምፅ ማስተካከያው ልዩ ነው።»

«የእማዬስ?»

«መጀመሪያ የሚሻለውን ልለይ፤ ከዚያ በጥንቃቄ ነው የምሠራው።»

እንዲህ እያልኩ ወራት አለፉ።

የቆለፍኩበት ቀን

በመጨረሻ ለእረፍት ደሴ ስንሄድ ካሴቱን አንድ ሙዚቃ ቤት ወስጄ ወደ ሲዲ አስገለበጥኩት። አምደወርቅ ተመልሼም ሲዲውን ወደ ኮምፒውተሩ አስገባሁት። የተጠቀምኩበትን ፕሮግራም ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ከማስገባቱ በፊት አንዲት ትንሽ ሣጥን ላይ ምልክት ነበረች። «ቅጂው የተጠበቀ ይሁን» እንደማለት ነው። ትርጉሟን አንብቤ፣ አውቄ፣ ምልክቷን እንዳለች ተውኳት።

ለምን? ባለቤቴ ካሴቱን ከዓመት በፊት ለሰቆጣ አንዲት እናት አውሳ ነበርና። እኒያ እናት ባለቤታቸውን በሞት ያጡ አማኝ ናቸው፤ ሰቆጣ በሄድን ቁጥር የምናድረው እሳቸው ቤት ነው። ካሴቱ ሁለት ወር እዚያ ሲቆይ እኔ በጣም ተቆጥቼ ነበር። «የእናትሽን ድምፅ እንደ ድስት ታውሺዋለሽ?» ብያታለሁ። እሷም «ኀዘን ላይ ናቸው፤ ያጽናናቸዋል ብዬ ነው» ከማለት በቀር አልመለሰችልኝም። አሁን ቁልፍ ሳገኝ ቆለፍኩት። ማንም እንዳይበትነው።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ለመጻፍ ዛሬም አፍራለሁ። በዚያው ሰሞን አንድ እንግዳ አገልጋይ ቤታችን መጥቶ ሲያስተምር ባዶ ካሴት አጣሁ። የአማቴ ካሴት መሳቢያ ውስጥ ነበር። «እሱማ ኮምፒውተር ላይ አለ» አልኩ በልቤ። የካሴት ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በላዩ ላይ እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ትሰበራለች። አማቴ በእጃቸው ሰብረዋት ነበር። እኔ ከባለቤቴ የሕክምና ቦርሳ ፕላስተር ወስጄ ቀዳዳዋን ሸፈንኩና ትምህርቱን ቀዳሁበት።

በ1999 ዓ.ም. ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገባበት። ፋይሎቹን ሁሉ ወደ ሁለተኛው የዲስክ ክፍል አሸሽቼ፣ የመጀመሪያውን ፎርማት አድርጌ፣ ዊንዶውስ እንደገና ጫንኩ። መዝሙሮቹ አሉ። የአማቴም ፋይል በቦታው አለ፤ መጠኑም አልጎደለም። ስከፍተው ግን ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት መጣ። ለካ ቁልፉ የተቀመጠው እኔ በደመሰስኩት ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ሲዲው ሮጥኩ። መስኮት ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ ያለ ሽፋን ስለነበር ተጭሯል። የሚቀዳባቸው ሲዲዎች መረጃውን የሚይዙት በቀለም ንጣፍ ላይ ስለሆነ ሙቀትና ፀሐይ ይጎዳቸዋል። ሁለት ደቂቃ ያህል አንብቦ ቆመ። ካሴቱ ላይ ደግሞ የእንግዳው ትምህርት አለ።

ሦስት ቀን ደበቅኋት። በሦስተኛው ቀን ልጃችን «የአያቴን ክፈትልኝ» አለችኝ፤ ባለቤቴም አጠገቧ ቆማ ፊቴን አየችው። ነገርኳት።

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እራት አቀረበች፣ ልጅቷን አስተኛች፣ ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ለአምስቱ ፕሮግራሞች ስድስት ወር ነበረህ። ለእማዬ አንድ ምሽት ቁጭ ብለህ አብረኸኝ አልሰማሃትም።»

መልስ አልነበረኝም። እኔ ስጠብቅላት የነበረው ፋይል ነው፤ እሷ የፈለገችው ግን ከባሏ ጋር ሆና እናቷን መስማት ነበር። በዚያ ሌሊት ተንበርክኬ በመጀመሪያ ጌታን፣ ቀጥሎም እሷን ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ ካሴቱ ብቻ ሳይሆን ስለ «ድስት» ቃሌም ጭምር። ይቅር አለችኝ፤ ነገር ግን ይቅርታ የጠፋውን ድምፅ አይመልስም። ብዙ ቀን ቤታችን ዝም ብሎ ከረመ።

የሰቆጣዋ እናት

ከወር በኋላ ለሥራ ወደ ሰቆጣ ስንሄድ እንደ ልማዳችን እኒያ እናት ቤት አደርን። ባለቤቴ የደረሰውን ስታጫውታቸው ዝም ብለው ሰሟት። ከዚያ ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር ካርቶን ጎተቱ።

«ልጄ፣ አትቆጪኝ እንጂ፣ ያኔ ካሴቱን ስትሰጪኝ ልጄን በባለ ሁለት ቴፕ ገልብጥልኝ ብዬው ነበር። ሳልነግርሽ ነው ያደረግሁት። ማታ ማታ እሰማዋለሁ» አሉ።

ካሴቱን ከፈትነው። የአማቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ባለቤቴ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔም ከእሷ አላነስኩም። ቅጂው ግን ሙሉ አልነበረም። ከሌላ መዝሙር ኋላ የተቀዳ ስለነበር ክሩ ቀድሞ አልቆ፣ የቡራኬው መጨረሻ ተቆርጧል። ቴፑ ቀጭ ብሎ ሲቆም ባለቤቴ የቀረውን የእናቷን ቡራኬ በቃሏ ጨረሰችው። እኛም አሜን አልን።

አስቡት። እኔ የቆለፍኩት ጠፋ። እሷ ያዋሰችው፣ እኔም የተቆጣሁበት፣ ያ ተገኘ።

በዚህ ጊዜ ምርጫ አላበዛሁም። ቴፑን በአንድ ቀጭን ገመድ ከኮምፒውተሩ ድምፅ መቀበያ ጋር አገናኝተን፣ ሁለታችን አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን፣ ልጃችንን መካከላችን አድርገን ቀዳነው። ሃያ ደቂቃ የሚሰማው በሃያ ደቂቃ ነው የሚቀዳው፤ ማፍጠኛ የለውም፤ መልካምነቱም ይኸው ነው። የካሴቱን ሹክሹክታ ለማጥፋት ሞክሬ ድምፃቸው ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ሲመስል ተውኩት። ያልተነካውን ቅጂ እንዳለ አስቀመጥን፤ ለመስሚያ ደግሞ ቁልፍ በሌለው ኤምፒ3 አደረግነው። ማጫወቻውም ቀላሉ ዊንአምፕ ሆነ። አንድ ሲዲ ለሰቆጣዋ እናት፣ አንድ ደሴ ላለው የባለቤቴ ወንድም፣ አንድ ለእኛ።

ለእናንተ፣ ለባለትዳሮች

ውድ አንባቢያን፣ ያ ዘመን አልፏል። ቁልፉ የመጣው የሙዚቃ ድርጅቶች ሥራቸው በነፃ እንዳይባዛ ስለ ፈሩ ነበር፤ አፕል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሚሸጣቸው ዘፈኖች ላይ አንሥቶታል። የኤምፒ3 የፈጠራ መብት ፈቃድም በ2017 አብቅቷል። ዛሬ ሁሉም ነገር በስልካችን ላይ ነው። ይሁን እንጂ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ፎርማት ይደረጋል። የአባታችሁ ጸሎት፣ የእናታችሁ መዝሙር በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ካለ ዛሬውኑ ሦስት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱም ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። አሮጌውን ካሴት አዲሱ መሥራቱን በጆሯችሁ ሳትሰሙ፣ ሰምታችሁም ቢሆን አትደምስሱት።

ይህን ስል የዘማሪዎቻችንን ሥራ ያለ ፈቃድ አባዙ ማለቴ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለእነርሱም ነው፤ የሚዘምርልን ሰው ልጆች አሉት። የእናት ቡራኬ ግን ሌላ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ወንድሜ ሆይ፣ ለሚስትህ ስትል የጀመርከው ሥራ ከሚስትህ እየለየህ እንደሆነ አስተውል። እኔ ለእሷ እደክማለሁ እያልኩ ጀርባዬን ሰጥቻት ስድስት ወር ተቀመጥኩ። ቤታችንን የጎዳው የተበላሸው ሲዲ ብቻ አልነበረም።

ልጃችን ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። የአያቷ ድምፅ በስልኳ ላይ አለ። በስተመጨረሻ ቴፑ ቀጭ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ሲደርስ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት የቀረውን ቡራኬ በቃሏ ትጨርሰዋለች።