የከሰል ሽታ በቮልሽቲን

ከፖዝናን ወደ ቮልሽቲን የሄድኩት አንዲት ክፍል ለማየት ነው። ከባቡር ስወርድ የተቀበለኝ የከሰል ጭስ ሽታ ነበር። ይህች የምዕራብ ፖላንድ ትንሽ ከተማ በእንፋሎት የሚሄዱ ባቡሮቿን እስከ ዛሬ አላጠፋችም። ሽታው ልቤን ነካው፤ እኔን እዚህ ያመጣኝ በሽታ ስሙ በግሪክኛ ከሰል ማለት ነውና፦ አንትራክስ። በእኛ አባ ሰንጋ።

ልጅ ሳለሁ ወሎ ውስጥ የአጎቴ በሬ ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። መስኩ ላይ ጎትተው ገፈፉት፤ ሥጋውንም ተከፋፈሉት። ከቀናት በኋላ ቢላዋ ይዞ በነበረው ጎረቤታችን ክንድ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ የማያም ቁስል ወጣ። ዓመት ዞሮ እዚያው መስክ ላይ ሌላ በሬ ወደቀ። በሽታው ያን ሁሉ ጊዜ የት ከረመ? ጥያቄው አብሮኝ አደገ።

መልሱ የተገኘበት የቮልሽቲን ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1872 የወረዳ ሐኪም ሆኖ ሲመጣ ከተማዋ በፕሩሲያ ሥር ነበረች። ዩኒቨርሲቲ በአጠገቡ የለም፤ የሚያማክረው ተመራማሪም የለም። ቀን በሽተኛ ያያል፤ ከዚያ የተረፈችውን ሰዓት ለማይክሮስኮፑና ለአይጦቹ ይሰጣል። ክፍሉ መሀል ቆሜ ዙሪያዬን ሳይ እንባዬ መጣ። ይህን ያህል ነገር ከዚህች ጥበት ወጣ!

ኮክ ከበሬ ዓይን ጥርት ያለውን ፈሳሽ ቀድቶ በአንትራክስ ከሞተ እንስሳ የተወሰደ ቅንጣት ጨመረበት፤ ሙቀቱን ጠብቆም በማይክሮስኮፕ ተከታተለው። ዘንግ የሚመስሉት ባክቴሪያዎች ረዝመው ክር ሆኑ። ክሩ ውስጥ እንደተሰካ ዶቃ የሚያበሩ ነጥቦች ታዩ። እነዚህ ስፖሮች ናቸው። ደርቀው ለዓመታት ይቆያሉ፤ ሲመቻቸው እንደገና ዘንግ ይሆናሉ። በሽታው የሚከርመው አፈሩ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

በ1876 ሚያዝያ መጨረሻ ዕቃውን ሸክፎ ብሬስላው ወደሚገኘው የዕፅዋት ሊቅ ፈርዲናንድ ኮን ዘንድ ሄደ። ለእነዚህ ፍጥረታት ባሲለስ፣ ማለትም ትንሽ ዘንግ፣ የሚለውን የወገን ስም በ1872 ያወጣው ኮን ነው። ሙከራውን ለቀናት አይቶ አመነ፤ ጽሑፉንም በዚያው ዓመት በራሱ መጽሔት አወጣለት።

ማታ ያረፍኩበት ቤት እመቤት የተረፈ ሩዝ ሰፊ ሳህን ላይ በትና አቀዘቀዘችና ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። እጇን በፍቅር ተመለከትኩ። የአባ ሰንጋ የቅርብ ዘመድ ባሲለስ ሴሬየስ በአፈርና በእህል ላይ ይኖራል። የፈላ ውሃ ዘንጎቹን ሲገድል ስፖሮቹ ያመልጣሉ። ሩዙ ሞቃት ቤት ውስጥ ካደረ ይነቃሉ፣ ይራባሉ፣ መርዝም ይተዋሉ። የሚያስመልሰውን መርዝ ደግሞ ዳግመኛ ማሞቅ አያጠፋውም፤ የበላው ሰው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማስመለስ ይጀምራል። ሌላው ዓይነት ከ8 እስከ 16 ሰዓት ቆይቶ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። አፈር የነካው ብረት ዓይን ቢወጋ ይኸው ባክቴሪያ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል።

ከመተኛቴ በፊት አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ያ በሬ የተገፈፈበት ቦታ አሁን እንዴት ሆነ?»

«አጥረነዋል። ከብት አይገባበትም፤ መሬቱ ክፉ ነው ልጄ።»

«አጥሩ ይቆይ ጋሼ። ክፉው ግን መሬቱ አይደለም።» ስለ ዶቃዎቹ ነገርኳቸው። ዘንጎቹ ዶቃ የሚቋጥሩት አየር ሲያገኙ እንደሆነ፣ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሳይገፈፍ ቢቀር ኖሮ አብዛኞቹ እዚያው በድኑ ውስጥ ይጠፉ እንደነበር ነገርኳቸው።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ለካ የዘራነው እኛው ነን» አሉ።