የሚወዱትን የሚያሳይ ሣጥን

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የድሮ የህንድ ፊልም ነው። «ደግሞ ፊልም ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉኝ። ከሳቁ በኋላ የሚቀር ቁም ነገር አለው።

ፊልሙ «ማያባዛር» ይባላል፤ የአስማት ገበያ እንደ ማለት ነው። በቴሉጉ ቋንቋ፣ በጥቁርና ነጭ ተሠርቶ በመጋቢት ወር 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1957) ለሕዝብ ታየ። ዲሬክተሩ ኬ. ቪ. ሬዲ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ቀለም ተቀብቶ እንደገና ወጥቷል። ቴሉጉ በደቡብ ህንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽና በቴላንጋና የሚነገር ቋንቋ ነው። ከዚያ አካባቢ ብዙ ሴቶች እንደ እኛው ለቤት ሥራ ወደ ኩዌትና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች ይመጣሉ። እኔም ፊልሙን ያየሁት ከእነርሱ ከአንዷ ጋር ነው። አንድ ቤት ስንሠራ፣ ማታ ዕቃ ታጥቦ ካለቀ በኋላ በስልኳ እየከፈተች፣ በዚያች በወጥ ቤት ዓረብኛችን ታስረዳኝ ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚረዝም ለመጨረስ ብዙ ማታ ፈጀብን።

የታሪኩ ሰዎች ማሃባራታ ከሚባለው ከሂንዱዎች ጥንታዊ መጽሐፍ የመጡ ናቸው፤ የሠርጉ ነገር ግን ሕዝቡ ሲያወራው የኖረ ተረት ነው። ሳሲሬካ የምትባል ልጅ ከሕፃንነቷ ለአክስቷ ልጅ ለአቢማንዩ ታጭታለች፤ በእነርሱ ባህል ይህ ነውር አይደለም። የአቢማንዩ አባትና አጎቶቹ በቁማር መንግሥታቸውን ተበልተው ሲሰደዱ ግን የልጅቷ እናት ሬቫቲ ቃሏን አጠፈች። ልጇን ቁማሩን ለበላው ለሀብታሙ ለዱርዮዳና ልጅ ለመዳር ተስማማች። በእኛም አገር እጅ ሲያጥር ዘመድ ይርቅ የለ?

አቢማንዩን ግን ያልራቀው ዘመድ ነበረው። ጋቶትካቻ የሚባል፣ ከጫካ የሚኖር፣ አስማት የሚያውቅ ግዙፍ የአጎቱ ልጅ ነው። ልጅቷን ከነአልጋዋ ተሸክሞ ወደ ጫካ ወሰዳትና በእርሷ መልክ ሙሽራ ሆኖ ሠርግ ቤት ገባ። እዚህ ላይ ሳቅ አይቻልም። ተዋናይቷ ሳቪትሪ መልኳ የቆንጆ ልጅ፣ አኳኋኗ የጎረምሳ ነው፤ የሙሽራውን እግር ትረግጠዋለች፣ እጁን ጨምቃ ታስጮኸዋለች። ኤስ. ቪ. ራንጋ ራኦ የሚጫወተው ጋቶትካቻ ደግሞ ለስንት እንግዳ የተሰናዳውን የሠርግ ምግብ ብቻውን ይጨርሰዋል፤ ጣፋጩ ራሱ እየበረረ አፉ ይገባል! ለድግስ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያበሰለች ሴት ይህን ስታይ እንዴት እንደምትስቅ ታውቁታላችሁ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ለሳሲሬካ በስጦታ የመጣ ፕሪያዳርሺኒ የሚባል ሣጥን አለ። የከፈተው ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ያያል። ሳሲሬካ ስትከፍተው አቢማንዩን አየች። እናቷ ስትከፍተው ግን ጌጣጌጥ ታያት። ጓደኛዬ ፊልሙን አቁማ፣ «ይኼ እኮ ስልካችን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቪዲዮ ያለው ስልክ በየሰዉ እጅ ሳይገባ፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ሩቅ ያለን ሰው በሣጥን ማየትን አስበውት ነበር።

እኅቴ ሆይ፣ በሰው አገር የሚያስፈራን ድካሙ ብቻ አይደለም። «ገንዘብ መላክ ያቆምኩ ዕለት ማን ያስበኛል?» የሚለው ሐሳብ ነው። የአገር ቤት ሰዎች ሣጥኑን ቢከፍቱ እኔን ያዩ ይሆን ወይስ ሐዋላውን? ብለሽ ያልጠየቅሽበት ሌሊት አለ? መልሱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ብቻ ለመፍረድ አትቸኩዪ። ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ ሬቫቲ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ክፍያና የእናት መድኃኒት እውነተኛ ችግር ናቸው። ሰውየውን የምትለዪው መላክ ባልቻልሽበት ወር ነው። በዚያ ወር ደውሎ «በልተሻል ወይ? ጤናሽ እንዴት ነው?» ያለሽን አትርሺው፤ ጋቶትካቻሽ እርሱ ነው። ለዚያ ወር እንዲሆንሽም በራስሽ ስም ጥቂት አስቀምጪ።

ሣጥኑን ግን እኛም እንከፍተዋለን። ስንት ዓመት ለቤት መሥሪያ ስናጠራቅም፣ ቆርቆሮው እየታየን በውስጡ የሚኖረው ልጅ እንዳይጠፋብን እፈራለሁ። ስለዚህ ስትደውዪ ከገንዘቡ ወሬ በፊት ልጅሽን አስቀድሚ። ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደተጫወተ ይንገርሽ።

የተረቱ መጨረሻ ደስ ይላል። ተንኮለኛው ሻኩኒ እውነት በሚያናግር አስማት ላይ ቆሞ የሸሸገውን ሁሉ ራሱ ይዘከዝከዋል፤ ሁለቱ ልጆችም ጫካ ውስጥ፣ በጋቶትካቻ ቤት ይጋባሉ። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ሀብታቸውን አጥተው የተሰደዱት የአቢማንዩ አባትና አጎቶቹ በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አይታዩም። ታሪኩ ሁሉ የሚሽከረከረው ግን በእነርሱ ዙሪያ ነው። በቤታችን ሠርግና ክርስትና ፎቶ ላይ የማንታየው እኛም እንደዚያው ነን።