ፋውል የማይቆጠርበት ንፋስ
ትናንት ከሰዓት ጎባ ላይ መረብ በሌለው ቀለበት ሃያ ኳስ ወረወርኩ፤ አራቱ ገቡ። ራሴን ሹቲንግ ጋርድ ነኝ እላለሁ እኮ! ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ንፋስ ክፉ ተከላካይ ነው፣ ያውም ፋውል የማይቆጠርበት።

እጄን እያሟሟቅሁ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኑኒ ኦሞት ትዝ አለኝ። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ፣ እሱ ኬንያ ተወልዶ ሚኒሶታ ያደገ ልጅ። ከቤይለር ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ኳሱን ይዞ ከአገር አገር ዞረ። በፈረንጆች 2023 ከግብፁ አል አህሊ ጋር የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ዋንጫ አነሳ፤ የውድድሩ ኮከብም እሱ ነበር። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ለደቡብ ሱዳን ተሰለፈ። ኤንቢኤ ያልገባ ሁሉ ከሸፈ የምትሉ፣ ይህን እዩልኝ።

ሮቤ ያላችሁ፣ ቅዳሜ አንድ መረብ ይዛችሁ ብቅ በሉ።