ዕዳዬን አስረክቤ ዝም ያልኩባቸው አራት ወራት

በቀደም አንዲት ወጣት ነጋዴ ሱቄ መጥታ ስልኳን አሳየችኝ። መልእክቱ «ዕዳዎችሽን በሙሉ ወደ አንድ እናመጣለን። በወር አንዴ ለእኛ ብቻ ትከፍያለሽ። ስምሽንም ከሲአርቢ እናጠፋለን» ይላል። «እትዬ፣ እነዚህን ሰዎች ማመን ይቻላል?» አለችኝ። ሻይ አዘዝኩና ቁጭ በይ አልኳት። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው፤ ከእኔ ጥፋት የሚማር አንድ ሰው ቢገኝ ይበቃኛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የተወለድኩት ሞያሌ፣ ከመስመሩ በኬንያ በኩል ነው። ሱቄ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ነው። ከዚህ ልብስና ጫማ ወደ ሞያሌ እልካለሁ፤ ከዚያ በርበሬና ቦሎቄ ይመጣልኛል። በማርች 2020 ኢትዮጵያ በኮሮና ምክንያት የየብስ ድንበሯን ስትዘጋ የእኔ ዕቃ ግማሹ ወዲያ፣ ግማሹ ወዲህ ቀረ። የሱቅ ኪራይ ግን ድንበር አልዘጋም። የልጆች ትምህርት ቤትም እንደዚያው። መበደር ጀመርኩ።

ኬንያ ውስጥ የስልክ ብድር የተስፋፋው ኤም ሽዋሪ በ2012 ከተጀመረ ወዲህ ነው። የ30 ቀን ብድር ነው፤ ክፍያው 7.5 በመቶ። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። 20 ሺህ ሺሊንግ ለወሰደ ሰው 1,500 ብቻ ነው። ግን የአንድ ወር ነው። በየወሩ እየከፈሉ ያንኑ ገንዘብ መልሰው ካወጡት፣ በዓመቱ 18 ሺህ ሺሊንግ ለክፍያ ብቻ ሄደ ማለት ነው። ከኤም ሽዋሪ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ አበዳሪዎች ደግሞ ከዚህም ይወደዳሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በሁለት ደቂቃ ስልክ ላይ የገባው ገንዘብ በሁለት ቀን አለቀ።

በ2021 አጋማሽ አራት ዕዳ ነበረብኝ። ሁለት የስልክ ብድሮች፣ 20 ሺህና 15 ሺህ። ከአንድ ማይክሮፋይናንስ 80 ሺህ። ከጅምላ ሻጬ ደግሞ በዱቤ የወሰድኩት የ65 ሺህ ጫማ። ድምሩ 180 ሺህ ሺሊንግ። ባለቤቴ የሚያውቀው የጫማውን ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ማስታወቂያውን ያየሁት። ቢሮው መሀል ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ንጹሕ ወንበር፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ በትሕትና የምታናግር ልጅ። እሷ ፊት አለቀስኩ፤ መሐረብ ሰጠችኝ። ለምዝገባ 12 ሺህ፣ ከዚያ በየወሩ 9 ሺህ ለእነሱ እንድከፍል፣ እነሱ ደግሞ ከአበዳሪዎቼ ጋር እንዲደራደሩ ተስማማን። አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ስልካቸውን አታንሺ። እነሱን ማነጋገር የእኛ ሥራ ነው።» እውነቱን ልናገር፤ ከሁሉም ደስ ያለኝ ይህ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተኛሁ።

አራት ወር ከፈልኩ። ስልኬ ሲጮኽ አላነሳሁም። በጅምላ ሻጬ በር ላለማለፍ መንገድ ቀየርኩ። በአራተኛው ወር መጨረሻ አንዱ የስልክ አበዳሪ አማቴ ጋ ደወለ። ቁጥሯን ያገኙት ከስልኬ ውስጥ ነው። «ልጅሽ ሌባ አግብቷል» አሏት። አማቴ ለባለቤቴ ነገረችው። እሱ አልጮኸም። «ከእኔ ደብቀሽ ለማን ነገርሽ?» ብቻ አለኝ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የነገርኩት በቀጠሮ አግኝቼያት ስሟን እንኳ በደንብ ላልያዝኩት ልጅ ነበር።

በማግስቱ አብረን ወደ ቢሮው ሄድን። አልተዘጋም፤ አልጠፉም። ያው ትሕትና፣ ያው ቀዝቃዛ ውኃ። የፈረምኩትን ወረቀት አውጥታ አነበበችልን። የምዝገባው 12 ሺህ «የማማከር አገልግሎት» ነው፤ አይመለስም። ከወርሃዊው ክፍያም መጀመሪያ የእነሱ ድርሻ ይነሳል። ከሰጠኋቸው 48 ሺህ ውስጥ አበዳሪ ዘንድ የደረሰው 14 ሺህ ብቻ ነበር፤ ያውም ለማይክሮፋይናንሱ። በወረቀቱ ላይ ሁሉም ተጽፏል። ፊርማው የእኔ ነው። ሌባ ናቸው እንዳልል ወረቀት አላቸው፤ ረድተውኛል እንዳልል ዕዳው 199 ሺህ ደርሷል።

ቤት ገብተን ሒሳቡን በልጆቹ ደብተር ላይ ጻፍነው። ከዚያ እያንዳንዱን አበዳሪ ራሴ ላነጋግር ተነሣሁ። ከሁሉ የፈራሁት ጅምላ ሻጬን ነበር። ሽማግሌ ሶማሌ ናቸው፤ ሐጂ ነው የምንላቸው። ከእሳቸው ዘንድ ስምንት ዓመት ያለ ወረቀት ዕቃ ወስጃለሁ። ገብቼ ሰላም ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና «ዕቃው አልተሸጠም ብትዪኝ እኮ እጠብቅሽ ነበር። ገንዘቡ አይደለም ያስቀየመኝ፤ ዝምታሽ ነው» አሉኝ። ስለ ድርጅቱ ስነግራቸው ማንም ከእኔ ወኪል ነኝ ብሎ ደውሎላቸው አያውቅም ነበር። በወር 5 ሺህ እንድከፍል ተስማማን። ወለድ አልጠየቁኝም።

ሁለቱ የስልክ አበዳሪዎች ዕዳው ከነቅጣቱ 46 ሺህ ሆኗል አሉ። በአንድ ጊዜ ከዘጋሁት ቅጣቱን እንዲቀንሱልኝ ጠየቅሁ፤ 38 ሺህ ላይ ተስማሙ። ማይክሮፋይናንሱም 88 ሺህ የደረሰውን ወደ 82 ሺህ አወረደው። ድርጅቱ በአራት ወር ያልሠራውን ድርድር እኔ በሦስት ቀን ጨረስኩት። ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። አበዳሪ የሚፈልገው ገንዘቡን ነው፤ የጠፋ ሰው ብቅ ሲል ደስ ይለዋል።

አሁን የሚያስፈልገኝ 120 ሺህ ነበር። በሳኮ 50 ሺህ ቁጠባ ነበረኝ። አብዛኞቹ ሳኮዎች የቁጠባን ሦስት እጥፍ ያበድራሉ፤ ዋስ ግን ይፈልጋሉ። መጀመሪያውኑ ወደ ሳኮ ያልሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ዋስ ለመጠየቅ ዕዳዬን ለሁለት ሴቶች መናገር ነበረብኝ። እነሱም ከእኔው ጋር በአንድ ቻማ፣ እኛ እቁብ በምንለው፣ የሚጥሉ ጓደኞቼ ናቸው። እነሱ እንዳይሰሙብኝ ብዬ ነው ለማላውቀው ሰው 48 ሺህ የከፈልኩት። ያ ቢሮ የሸጠልኝ ምስጢር ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች፤ እኔ መደበቂያውን ራሱን በገንዘብ ገዛሁት።

ነገርኳቸው። አንዷ ሳቀችና «እኔም እኮ ፉሊዛ ውስጥ ነኝ» አለች። ሁለቱም ፈረሙ። እኔ ባልከፍል የሚቆረጠው የእነሱ ቁጠባ ነው፤ ለልጅ ትምህርት ያስቀመጡት። ይህን እያወቅሁ አንድ ወር ማሳለፍ እንዴት ይቻላል?

የሳኮው ወለድ በወር 1 በመቶ ነው፤ የሚታሰበውም በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ። 120 ሺህ በ24 ወር ስከፍል ጠቅላላ ወለዱ 15 ሺህ መጣ። ከስልክ ብድር ጋር አስተያዩት፤ 20 ሺህ ሺሊንግ በሳኮ ለዓመት ቢወሰድ ወለዱ 1,300 ነው። በስልክ የአንድ ወር ክፍያ ከዚህ ይበልጣል።

እንግዲህ እነዚህን ድርጅቶች ማመን ይቻላል ወይ ለሚለው መልሴ ይህ ነው። ዕዳን ወደ አንድ ማምጣት ራሱ መጥፎ አይደለም፤ እኔን ያወጣኝ እሱ ነው። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው በአንድ ስም የሚጠሩት። አንደኛው የራሱን ገንዘብ አውጥቶ አሮጌውን ዕዳ የሚዘጋ ነው፤ ባንክም ሳኮም ሊሆን ይችላል። ባትከፍሉ እሱም ይጎዳል፤ ስለዚህ መክፈል መቻላችሁን አይቶ ነው የሚገባው። ሁለተኛው የራሱን አንድ ሺሊንግ ሳያስገባ በመሀል ቆሞ ከእናንተ የሚቀበል ነው። ብትከፍሉም ባትከፍሉም ድርሻውን አስቀድሞ ወስዷል። የመጀመሪያውን መርምራችሁ ተዋዋሉ። ሁለተኛውን፣ ሥራ ሳይሠራ ገንዘብ ከጠየቀ፣ ተሰናበቱት።

ይህ የእኔ ብስጭት ብቻ አይደለም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ፣ እዚያም ይኸው ችግር በዝቶ በ2010 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አወጣ። በስልክ ደንበኛ እያግባባ ዕዳ አስቀንሳለሁ የሚል ድርጅት ቢያንስ አንድ ዕዳ ሳያስተካክል ክፍያ መውሰድ አይችልም። እሷ ራሷ የክሬዲት ካርድ ዕዳዋን የዘጋችው ለትርፍ ባልቆመ የብድር አማካሪ በኩል ነው። ወለዱን አስቀነሱላት፤ ዋናውን ግን በሙሉ ከፈለች። «መክፈል አቁሚና እኛ ግማሹን እናስምርሻለን» የሚሉትንም አይታለች፤ መክፈል ያቆመ ሰው በመሀሉ ፍርድ ቤት ሊከሰስ እንደሚችል፣ የተማረለትም ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅበት እንደሚችል አስቀድሞ የሚነግር ጥቂት ነው።

ሐቀኛው አበዳሪም ቢሆን ሒሳቡ ይታይ። «የወር ክፍያሽን በግማሽ እንቀንሳለን» ሲሏችሁ ስንት ወር ብላችሁ ጠይቁ። 100 ሺህ ሺሊንግ በወር 2 በመቶ፣ ከመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ሳይቀንስ የሚታሰብ ቢሆን፣ በ12 ወር ወለዱ 24 ሺህ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያው 10,333። ወደ 36 ወር ቢረዝም ወርሃዊው 4,778 ይሆናል። ትከሻ ቀለለ። ወለዱ ግን 72 ሺህ ገባ።

«ስምሽን ከሲአርቢ እናጠፋለን» የሚለውም ውሸት ነው። ኬንያ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው የብድር መረጃ ቢሮዎች ትራንስዩኒየን፣ ሜትሮፖልና ክሬዲትኢንፎ ናቸው። በዓመት አንዴ ስለ ራሳችሁ ያለውን መረጃ በነጻ ማየት መብታችሁ ነው። ስሕተት ካለበት ራሳችሁ አመልክታችሁ ታሳርማላችሁ። እውነት ከሆነ ግን በገንዘብ የሚያጠፋው የለም፤ ከተከፈለም በኋላ ታሪኩ 5 ዓመት ይቆያል። የእኔም ገና አለ። አማቴ ላይ የደረሰው ዓይነት ስልክም ቢሆን በማርች 2022 የወጣው የዲጂታል አበዳሪዎች ደንብ ከልክሎታል፤ ፈቃድ የተሰጣቸውን አበዳሪዎች ዝርዝር ማዕከላዊ ባንኩ ያወጣል። ከመበደራችሁ በፊት ስሙን እዚያ ፈልጉት።

የስልክ ብድር ከ2022 ጀምሮ በቴሌብር በኩል ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል። ብድሩ በገባበት ሁሉ ዕዳ እናቀላለን ባዩ መከተሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ወዲያ ማዶ ያላችሁም አንብቡት።

የሳኮውን ብድር በ2023 መጨረሻ ዘጋሁ። የሁለቱ ጓደኞቼ ቁጠባ ከዋስትና ነጻ የወጣ ቀን ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። ሐጂም የመጨረሻውን 5 ሺህ ከተቀበሉ በኋላ «አሁን ስንት ካርቶን ልስጥሽ?» አሉኝ። ስዋሂሊዎቹ «ዳዋ ያ ዴኒ ኒ ኩሊፓ» ይላሉ፤ የዕዳ መድኃኒቱ መክፈል ነው። እኔ አንድ ቃል እጨምርበታለሁ፤ መክፈል ባትችሉም ብቅ በሉ።

ያቺን ልጅ ሻይዋን ስትጨርስ «ዕዳሽን ማን ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋት። «አንቺ ብቻ» አለችኝ። ደብተር አወጣሁና መጻፍ ጀመርን። ለሳኮው ዋስ ካስፈለጋት አንዷ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ግን ከወንድሟ ጋር ተነጋግራ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ።