ውሻ አስከትሎ ሽንፋ መውረድ

“ካምፒንግ” ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ ላንጋኖ ነው። መኪናው ድንኳኑ ሥር ይቆማል፣ ሙዚቃው ይለቀቃል፣ ቢራው በረዶ ውስጥ ይነከራል። ድንኳን በጀርባ አዝሎ፣ ውሻ አስከትሎ፣ በእግር ገብቶ ማደርስ? እኛ ሦስት ጓደኛሞች በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሞክረነዋል። ለዚያውም ደጋ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ሽንፋ ነው!

ሽንፋ የት ነው ለምትሉ፣ ምዕራብ ጎንደር ነው፤ መተማ ቆላ፣ ሱዳን ጠረፍ። ስሙ የከተማም የወንዝም ነው። ወንዙ ከጣና በስተምዕራብ ካለው ደጋ ይነሳና ድንበር ሲሻገር ራሃድ ይባላል። ክረምት ይሞላል። በበጋ ግን መፍሰሱን ያቆምና እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥ፣ የዕጣን ዛፍና የግራር አገር ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ የሚገርመው እንግዳውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋታችን ረፍዶ መነሳታችን ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት! ሁለተኛው ደግሞ ቡቺ። ቡቺ የጓደኛዬ ውሻ ነው፤ ፀጉራም፣ ግቢ ውስጥ ያደገ ቅምጥል። 6 ሰዓት ላይ ማለክለኩ ጠናበት፣ ለሃጩ ተዝረበረበ። ከዚያ ተንገዳገደና ወደቀ። በእጃችን የቀረው ውሃ ሁለት ሃይላንድ ነበር። ጓደኛዬ ትልቁ ሰውዬ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

እግዜር ሲያመጣው አንድ ከብት ጠባቂ ሽማግሌ ከውሻቸው ጋር ብቅ አሉ።

“ልጆቼ፣ ይህን ፍጥረት ልትገድሉት ነው?” አሉን።

ጥላ ሥር አስገቡት። ሆዱን፣ ብብቱንና መዳፉን በውሃ አረጠቡ፣ በጋቢያቸው አራገቡለት። ሲነቃ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ አጠጡት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የውሻ ገላ እንደ እኛ አያልበውም፤ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ፀሐይ ከበረታች ማለክለክ ብቻውን አይበቃውም።

“አባቴ፣ የእርስዎ ውሻ እንዴት ቻለው?” አልናቸው።

“እሱማ ከኩሬ ኩሬ ነው የሚሄደው። እኔም እሱን ነው የምከተለው።”

ማታ ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ድንኳን ስንተክል ደግሞ ተቆጡን። “ከግራር ሥር፣ ከተሰነጠቀ ዋልካ ላይ አይታደርም!” አሉ። እውነታቸውን ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትወደው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። በሽታው ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ያከሳል፣ ጣፊያ ያሳብጣል፣ ካልታከመ ይገድላል። ተሕዋሲው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ውሾች ላይም ተገኝቷል። ድንኳናችንን ነቅለን ገላጣ ቦታ ላይ፣ ከኩሬውም ራቅ አድርገን ተከልን፤ ሌሊት አውሬም ውሃ ይጠማዋላ!

ከስድስት ዓመት በኋላ የሆነውን ስሙ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጆን ካፐልማን የመሩት የተመራማሪዎች ቡድን ስለዚያው ስለ ሽንፋ ወንዝ ኔቸር መጽሔት ላይ ጽፎ አወጣ። ከ74 ሺህ ዓመት በፊት፣ የኢንዶኔዥያው ቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ ሰዎች ወንዙ ዳር ሰፍረው ነበር። ድርቁ ሲጠና ከየኩሬው ዓሣ እያጠመዱ አለፉት። ኩሬው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይሄዱ እንደነበርም አጥኚዎቹ ይገምታሉ። የሽማግሌው ምክር ለካ የትናንት አይደለም!

እንግዲህ ውሻ ይዛችሁ ቆላ የምትወርዱ ልብ በሉ፦ ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ተጓዙ፣ ቀኑን ጥላ ሥር ዋሉ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ቀጥሉ። ውሃ ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለእሱም ያዙ። የእብድ ውሻ ክትባት ሳይከተብ እንዳትነሱ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። የዝንብና የትንኝ አጎበርም አትርሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ወራት አልፈውም ቢሆን፣ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ቆላ እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት፣ አማራ ክልል ውስጥም ግጭት ከተነሳ ወዲህ ያ መንገድ የሽርሽር መንገድ መሆኑ ቀርቷል። ሰላሙን ከአገሬው ሳታጣሩ ንቅንቅ እንዳትሉ።

ቡቺስ? ዳነ። በመልሱ ጉዞ ከፊት ከፊት የሄደው የሽማግሌው ውሻ ነበር፤ ቡቺ እሱን ተከተለ፣ እኛም ቡቺን።