ለጋሼ ጆሮ «የተገኘው» መድኃኒት

«ለመስማት ችግር መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና በየጥቂት ዓመቱ ብቅ ይላል። ውድ አንባቢያን፣ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች «ተገኘ» ለምትለው ቃል ያለን ፍቅር ይገርመኛል። አጭር ናት፣ ርዕስ ታሳምራለች። ችግሩ፣ ይህችን ቃል ሰምቶ መንዝ ላይ በግ ሊሸጥ የሚነሣ ሰው መኖሩ ነው።

እኚህ ሰው አጎቴ ናቸው፤ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግሁት። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ከሃያ ዓመት በላይ የናፍጣ ወፍጮ ላይ ሠርተዋል። ወፍጮው ከተነሣ እዚያ ቤት ወሬ የሚባል ነገር የለም፤ ገብሱ ስንት ኪሎ እንደሆነ እንኳ የሚነገረው በጣት ነው። አሁን ጋሼ «ድምፁን እሰማለሁ፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ይላሉ። ሌሊት ሞተሩ ጠፍቶም ጆሯቸው ውስጥ ይጮኻል። ታዲያ አንድ ዘመድ «የጆሮ ነርቭ የሚጠግን መድኃኒት መገኘቱ በሬዲዮ ተነገረ» ቢላቸው ሁለት ሙክት መርጠው ስልክ አስደወሉልኝ። «እስቲ አንቺ የተማርሽው፣ የት እንደሚሸጥ ጠይቂልኝ።»

ጠየቅሁ፣ አነበብኩ። የገባኝን ልንገራችሁ።

የውስጥ ጆሯችን ቀንድ አውጣ የመሰለ ክፍል አለው። እዚያ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15,000 የሚጠጉ፣ ጫፋቸው ላይ ፀጉር መሰል ነገር ያላቸው ሕዋሳት ተደርድረዋል። የድምፅን ንዝረት ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ኃይለኛ ጩኸት ሲበዛባቸው ይሞታሉ። ቀድመው የሚጎዱት ደግሞ ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ስለሆኑ እንደ ስ እና ፍ ያሉት ድምፆች ይጠፉና ቃል መለየት ያስቸግራል። የሰው ጆሮ የሞቱበትን መልሶ አያበቅልም። ዶሮ ግን ታበቅላለች! ይህ የታወቀው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። (ጋሼ ይህን ስነግራቸው «ለዶሮ የተሰጠ ለእኔ ተነፈገ?» አሉ።)

ተስፋው የመጣው ከዚያ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች በጩኸት የደነቆሩ አይጦች ጆሮ ውስጥ መድኃኒት ጨምረው ጥቂት ሕዋሳት እንደገና እንዲበቅሉ አደረጉ፤ መስማታቸውም በመጠኑ ተሻሻለ። ሰው ላይስ? ፍሪኩዌንሲ ቴራፒዩቲክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በጆሮ ታምቡር በኩል የሚወጋ፣ ኤፍኤክስ-322 የሚባል መድኃኒት ይዞ ቀረበ። የመጀመሪያው ትንሽ ሙከራ ተስፋ ሰጪ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ግን መድኃኒት ከሌለበት መርፌ የተሻለ ውጤት እንዳላሳየ ተነገረና ኩባንያው ሥራውን አቆመ። በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በግሪክ የተሞከረ ሌላ መድኃኒትም ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ሲታተም ዋና ግቡን እንዳልመታ ታወቀ። በበኩሌ ያናደደኝ፣ «ተገኘ» እስከ መንዝ ሲደርስ «አልሠራም» የሚለው መንገድ ላይ መቅረቱ ነው።

ለጋሼ ሳልሸፋፍን «የለም» አልኳቸው። ጆሮ በድንገት ሲደነቁር ሐኪም ስቴሮይድ ሊያዝ ይችላል፤ እሱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተደረሰ ነው። የሃያ ዓመት ጉዳት ያለበት ሰው የሚረዳው የመስሚያ መሣሪያ ነው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱን ሙክት ለምርመራና ለመሳፈሪያ ሸጡ፣ ሌላው ለፋሲካ ቀረ።

የኔ ሐሳብ አሁን ወፍጮውን የተረከበው ጎረምሳ ላይ ነው። የሥራ ቦታ ጩኸት 85 ዴሲቤል ከሆነ ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ 100 ሲደርስ ግን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። መለኪያ ከሌለ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ ላለ ሰው መጮህ ካስፈለገ ጩኸቱ ለጆሮ በዝቷል ማለት ነው። ሰርግ ላይ የሚተኮሰው ጥይትማ ከ140 ያልፋል፤ እሱን ተዉ ብሎ መንዝን ማሳመን ለሌላ ጽሑፍ ይቆየን። ለጎረምሳው የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ላክሁለት። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች መጀመሪያ ስቀውበት ነበር፤ አሁን ለምደውታል አሉ።